«ትልቁን ቻርጀር ግዙ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ፦ ቆሞ የሚከርም መኪና የሚፈልገው ሌላ ነው

አልፎ አልፎ ብቻ ለሚነዳ መኪና የባትሪ ቻርጀር አመራረጥን የሚመክር አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። ፍሬ ነገሩ በስድስት ነጥብ ይጠቃለላል፦ አምፔሩ በበዛ ቁጥር ቻርጀሩ ይሻላል፤ «አውቶማቲክ» የሚል ከተጻፈበት ወራት ሳይነቀል ቢከርም ችግር የለውም፤ ሞተሩን በሳምንት አንዴ 10 ደቂቃ ማስነሳት ቻርጀርን ይተካል፤ ባትሪው 12 ቮልት ካሳየ ጤነኛ ነው፤ የሞተ ባትሪን «ማደሻ» የሚለው ቁልፍ ያስነሳዋል፤ መቆንጠጫዎቹንም በሁለቱ የባትሪ ጫፎች ላይ መያዝ ብቻ ይበቃል።

ጸሐፊው መነሻቸው ልክ ነው። ባትሪን የሚገድለው መቆሙ ሳይሆን ሳይሞላ መቆሙ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ይስታሉ፤ የሚስቱበትም ምክንያት በሁሉም ነጥብ ላይ አንድ ነው። ቻርጀሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ይጠይቃሉ እንጂ ከሞላ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አይጠይቁም። አንድ መኪና ሦስት ሳምንት ቢቆም ባትሪው የሚሞላው በመጀመሪያው ሌሊት ነው። የቀሩት 20 ቀናት ሥራው መሙላት ሳይሆን መጠበቅ ነው፤ ቻርጀር የሚለካውም በእነዚህ ቀናት ነው።

«አምፔሩ በበዛ ቁጥር ይሻላል፤ 20 አምፔር ቢሆን ይመረጣል»

ሒሳቡን እንሥራው። የተቆለፈና የቆመ መኪና ኤሌክትሪክ መብላቱን አያቆምም። የስርቆት መከላከያው፣ የበር መቆለፊያው ተቀባይ፣ የሬዲዮው ማስታወሻና ኮምፒውተሮቹ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይወስዳሉ። በጤነኛ መኪና ድምሩ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ነው። 50 ሚሊአምፔር በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት (አንድ አምፔር-ሰዓት አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ ነው)፣ በ30 ቀን 36 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ባትሪው 60 አምፔር-ሰዓት ከሆነ በአንድ ወር ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። በዚህ ላይ ባትሪው በራሱ የሚያጣው አለ፤ የውሃ ባትሪ በ25 ዲግሪ አካባቢ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ያጣል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

እንግዲህ የሚፈሰው 0.05 አምፔር ነው። 1 አምፔር የሚሰጥ ትንሽ ቻርጀር ከሚፈሰው 20 እጥፍ ይሰጣል። ቆሞ ለሚከርም መኪና 20 አምፔር መግዛት ጠብታ ለሚያፈስ ጀሪካን የእሳት አደጋ ቱቦ እንደመዘርጋት ነው።

«ፍጥነቱስ?» ለሚል ሰው፣ ፍጥነቱም እንደሚታሰበው አይደለም። ግማሹ የወረደ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 30 አምፔር-ሰዓት ይጎድለዋል፤ በሙቀትና በጋዝ የሚባክነው ሲታከልበት 35 ያህል መስጠት ያስፈልጋል። በ5 አምፔር ይህ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ነገር ግን ባትሪው 80 በመቶ አካባቢ ሲደርስ እንደ ልብ መቀበሉን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን አምፔር የሚወስነው ቻርጀሩ ሳይሆን ባትሪው ራሱ ነው። ይህ የመጨረሻ ክፍል ሰዓታት ይፈጃል፤ 20 አምፔር ያለውም ቻርጀር እዚያ ሲደርስ 3 አምፔር፣ ከዚያ 1 አምፔር እየሰጠ ይጠብቃል። በትልቁ ቻርጀር የሚተርፈው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። መኪናው ሦስት ሳምንት ሊቆም ጥቂት ሰዓት ማትረፍ ምን ይረባል?

ለልክ የሚሆነው የቆየው መመሪያ ነው፦ ከባትሪው አምፔር-ሰዓት አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ። ከ45 እስከ 70 አምፔር-ሰዓት ላለው የቤት መኪና ከ4 እስከ 5 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር የወረደውንም በአንድ ሌሊት ይሞላል፣ የሞላውንም ይጠብቃል። ባትሪው ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቆምና ለመጠበቅ ብቻ ከሆነ 0.8 ወይም 1 አምፔር ይበቃል።

እዚህ ላይ የተገላቢጦሹንም ስሕተት እንዳትሠሩ። ባዶውን የቀረ 70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በ0.8 አምፔር ቻርጀር ለመሙላት ከአራት ቀን በላይ ይፈጃል። ብዙ ዘመናዊ ቻርጀሮች ደግሞ የውስጥ ሰዓት አላቸው፤ በተወሰነ ጊዜ ካልሞላ «ባትሪው ተበላሽቷል» ብለው ቀይ መብራት አብርተው ያቆማሉ። ባትሪው ደህና፣ ቻርጀሩም ደህና፣ ጥምረቱ ግን የማይሆን ነው።

በአንዳንድ ትልልቅ ቻርጀሮች ላይ ያለው «ማስነሻ» የሚል ምልክትም አያታልላችሁ። ለሞተሪኖው (ሞተሩን ለሚያስነሳው) ለጥቂት ሰከንድ ጉልበት ለማበደር የተሠራ ነው እንጂ ባትሪ የሚሞላበት ወይም የሚጠበቅበት መንገድ አይደለም።

«አውቶማቲክ ከተባለ ሰክታችሁ እርሱት»

ከስድስቱ ነጥቦች አደገኛው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ወራት ሊሰካ የሚችል ቻርጀር አለ። ነገር ግን «አውቶማቲክ» የሚለው ቃል ያንን ቻርጀር ከሌላው አይለይም።

ትክክለኛው ቻርጀር በሦስት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ አምፔሩን ቋሚ አድርጎ ቮልቱ እስኪወጣ ይሞላል። ቮልቱ 14.4 አካባቢ ሲደርስ (እንደ ባትሪው ዓይነት እስከ 14.8) ቮልቱን እዚያው ይዞ አምፔሩ ራሱ እንዲወርድ ይተዋል፤ ባትሪው የሚጠግበው እዚህ ነው። አምፔሩ ወደ ጥቂት ሲወርድ ቮልቱን ከ13.2 እስከ 13.8 ወዳለው ዝቅ ያደርጋል። ይህ ሦስተኛው «ፍሎት» የሚባለው ነው፤ የሚፈሰውን ብቻ እየተካ ባትሪውን ሳያፈላ ያቆየዋል። ሌላ ዓይነትም አለ፦ ከሞላ በኋላ ጨርሶ ያቆምና ቮልቱ 12.7 ወይም 12.8 አካባቢ ሲወርድ ተመልሶ ይጀምራል። ሁለቱም ለቆመ መኪና ይሆናሉ።

የማይሆነው ሦስተኛው ነው። በውስጡ ትራንስፎርመርና ዳዮድ ብቻ ያለው፣ ከባድና የሚያጉረመርም፣ መርፌ የሚወዛወዝበት የአምፔር መለኪያ የተገጠመለት። የባትሪው ቮልት ሲወጣ አምፔሩ በራሱ ስለሚቀንስ ሻጩ «አውቶማቲክ ነው» ይላል። መቀነስና ማቆም ግን አንድ አይደሉም። በሞላ ባትሪ ላይ 1 አምፔር ያህል እየገፋ ቮልቱን 15ን አሳልፎ ወደ 16 ሊወስደው ይችላል። 12 ቮልት ባትሪ ከ14.4 በላይ ሲቆይ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየተለያየ ይወጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የፕሌቶቹ (በባትሪው ውስጥ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ጫፍ ከውሃ በላይ ሊጋለጥ ይችላል፤ የተጋለጠው ክፍል ደርቆ ከሥራ ውጭ ይሆናል። ጋራዡ ውስጥ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ካለ ባትሪው ከልክ በላይ እየተሞላ ነውና ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ፣ አየር አስገቡ፣ ባትሪው እስኪቀዘቅዝ አትንኩት።

የትኛው ዓይነት እንደገዛችሁ ካርቶኑ ሳይሆን ቴስተር (የቮልትና የአምፔር መለኪያ) ይነግራችኋል። ቻርጀሩ «ሞልቷል» የሚለውን አረንጓዴ መብራት ካበራ በኋላ ሳትነቅሉት 24 ሰዓት ቆዩ። ቴስተሩን በቀጥተኛ ቮልት 20 ላይ አድርጉ፤ ቀዩን ሽቦ ፖዘቲቩ እርሳስ (ከባትሪው ወጣ ያለው ጫፍ) ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቩ እርሳስ ላይ አሳርፉ። መቆንጠጫው ላይ አታሳርፉ፤ በመቆንጠጫውና በእርሳሱ መካከል ዝገት ካለ የምታነቡት የቻርጀሩን ቮልት እንጂ የባትሪውን አይደለም። ከ13.2 እስከ 13.8 ካነበባችሁ ፍሎት ላይ ነው፣ ተረጋጉ። 12.8 ወይም 12.9 ካሳየና አልፎ አልፎ ከፍ የሚል ከሆነ የሚያቆምና የሚጀምር ዓይነት ነው፤ እሱም ደህና ነው። በማግስቱም 14.4 ወይም ከዚያ በላይ ላይ ከተቸነከረ ለአንድ ሌሊት መሙያ እንጂ ለማክረሚያ አይሆንም። ቁጥሩ ከተጠራጠራችሁ የቴስተሩን የራሱን ባትሪ ቀይሩ፤ ርካሽ ቴስተር ባትሪው ሲደክም ከእውነተኛው በላይ ያነባል፤ ደህናውን ቻርጀር ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል።

ሙቀትም ይቆጠራል። በካርቶን ላይ የሚጻፉት ቮልቶች ለ25 ዲግሪ አካባቢ የታሰቡ ናቸው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ትክክለኛው ቮልት ከ0.02 እስከ 0.03 ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ኮፈኑ ሥር 40 ዲግሪ ከሆነ ከ0.3 እስከ 0.45 ቮልት ልዩነት አለው፤ ወራት ለሚሰካ ቻርጀር ይህ ቀላል አይደለም። ሞቃት ቦታ የሚቆም መኪና ካላችሁ የሙቀት መለኪያ ያለውን ቻርጀር ምረጡ፤ ከሌለው ፍሎቱ ወደ 13.2 የሚጠጋውን።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ነገር ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። በቁልፍ የሚመረጡ አሠራሮች ያሏቸው አንዳንድ ቻርጀሮች መብራት ሄዶ ሲመጣ የነበሩበትን አያስታውሱም፤ ተጠባባቂ ሆነው ቁልፍ እስኪጫንላቸው ይቆማሉ። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ነው፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል፣ ትንሽ መብራትም በርቶ ይታያል፤ ባትሪው ግን ምንም አይደርሰውም። ከመግዛታችሁ በፊት፣ ካልሆነም በገዛችሁ ቀን ሞክሩት፦ መሙላት ከጀመረ በኋላ ከግድግዳው ነቅላችሁ ለአንድ ደቂቃ ተዉትና መልሳችሁ ሰኩ። ማንም ሳይነካው ወደ ሥራው ከተመለሰ ግዙት። ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መብራት በጠፋበት ሰዓት ቻርጀሩ ከባትሪው ላይ መልሶ የሚስበውም አለ። ጥሩዎቹ የሚስቡት በጣም ጥቂት ሲሆን በመመሪያቸው ላይ በሚሊአምፔር ወይም በወር በስንት አምፔር-ሰዓት እንደሆነ ይጽፉታል። ካልተጻፈ፣ የመብራት መጥፋት በሚበዛበት ቦታ ሌላውን እዩ።

«በሳምንት 10 ደቂቃ ሞተር ማስነሳት ይበቃል»

ይህን ምክር የሚቃወሙ ብዙዎች «ማስነሳቱ የሚበላውን እንኳ አይመልስም» ይላሉ። ያ ልክ አይደለም፤ የማይገባ ክርክር ይዞ መርታት ደግሞ አይጠቅምም። ሞተሪኖ 200 አምፔር ለ3 ሰከንድ ቢስብ ከ0.2 አምፔር-ሰዓት ያነሰ ነው፤ ዲናሞው በደቂቃ ወይም በሁለት ደቂቃ ይመልሰዋል።

ችግሩ ሌላ ነው። መኪናው በሳምንት የሚያፈስሰው በ50 ሚሊአምፔር 8.4፣ በ20 ሚሊአምፔር እንኳ 3.4 አምፔር-ሰዓት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ዲናሞው ከሙሉ አቅሙ ከፊሉን ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያም ላይ ለነዳጅ ፓምፑ፣ ለኢግኒሽኑና ለማቀዝቀዣው ቬንትሌተር ይቀነሳል። ለባትሪው 12 አምፔር ተረፈ እንበል፤ በ10 ደቂቃ 2 አምፔር-ሰዓት ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፣ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት «ትናንትና ደህና ነበረ እኮ» ይባላል።

ሌላውም ጉዳት አለ። በ10 ደቂቃ ሚኒሞ ዘይቱ በቅጡ አይሞቅም። ከቃጠሎው የሚወጣው የውሃ ተን ማርመታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ ይጠራቀምና ያዝገዋል፤ ያልተቃጠለ ነዳጅም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ባትሪ ለማዳን ሞተር መጉዳት ነው። ማስነሳት ከፈለጋችሁ ንዱት፤ ቢያንስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ ከከተማ መጨናነቅ ውጭ። ያም ሆኖ ለወረደ ባትሪ የመጨረሻውን 20 በመቶ አይሞላለትም፤ ያንን ሰዓታት የሚቆይ ቻርጀር ብቻ ነው የሚሞላው።

ሶኬት በማይደርስበት ቦታ የሚቆም መኪና ካላችሁ የኔጌቲቩን ገመድ መፍታት ከሳምንታዊው ማስነሳት በብዙ ይሻላል። በብዙ መኪና 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ሁልጊዜ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፤ ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ቢነካ ሙሉው ባትሪ በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፣ ኔጌቲቩን ስትፈቱ ቢነካ ግን ምንም አይሆንም። የተፈታ ጤነኛ ባትሪ የሚያጣው የራሱን ብቻ ስለሆነ በየሁለት ወሩ አንድ ሌሊት መሙላት ይበቃዋል። ከመፍታታችሁ በፊት ሬዲዮው ኮድ እንደሚጠይቅ እወቁ፣ መስኮቶቹም እንደገና ማስተማር ሊፈልጉ ይችላሉ። ባትሪው በኋላ ሻንጣ ሥር ያለበትና ሻንጣው በኤሌክትሪክ ብቻ የሚከፈት መኪና ከሆነ ሻንጣውን እንዳትዘጉት።

የፀሐይ ፓኔልም አማራጭ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ዋት፣ ከውጭ ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኘው ቦታ ከተቀመጠ። በሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት የሚሰኩት ግን በብዙ መኪና ቁልፉ ሲጠፋ ሶኬቱም ስለሚጠፋ አይሠሩም። ፓኔሉ ከ5 ዋት ሲበልጥ በመሃል የቻርጅ መቆጣጠሪያ ይግባ።

«12 ቮልት ካሳየ ጤነኛ ነው»

«12 ቮልት» የባትሪው ስም እንጂ ጤንነቱ አይደለም። ስድስት ሴል አለው፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ የሞላ የውሃ ባትሪ አርፎ ሲለካ ከ12.6 እስከ 12.7 ነው፤ ኤጂኤም (አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ የተያዘበት ዝግ ባትሪ) ከሆነ 12.8 እና ከዚያ በላይ። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 አንድ አራተኛ ገደማ ነው። ጸሐፊው «ጤነኛ» ያሉት ባትሪ ሦስት አራተኛው የለም። 12.4 ስታዩ መሙላት አለባችሁ፤ ከዚያ በታች በቆየ ቁጥር ፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት (ባትሪው ሲወርድ የሚፈጠረው ጠጣር) ይጠነክራል።

«አርፎ» የምትለዋ ቃል ወሳኝ ናት። ከቻርጀር ወይም ከመንገድ ገና የወጣ ባትሪ በላይ በላዩ የሚታይ ቮልት አለውና 13 ሊያሳይ ይችላል። ቢያንስ 12 ሰዓት አቆዩት፤ ከቸኮላችሁ የፊት መብራቱን ሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ለኩ። አቅሙን ደግሞ ሲጫን እዩት፦ ሰው ሞተር ሲያስነሳ ቴስተሩ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ባትሪውም ሞልቶ ከነበረ፣ የሚፈለገው ቻርጀር ሳይሆን ባትሪ ነው። ክዳኑ የሚከፈት የውሃ ባትሪ ካላችሁ ሃይድሮሜትር (የአሲዱን እፍጋት የሚለካው) ከቮልት የበለጠ ይናገራል፦ የሞላ ሴል 1.265 እና ከዚያ በላይ፣ ግማሹ 1.190 አካባቢ። አንዱ ሴል ከሌሎቹ በ0.050 ከራቀ ያ ሴል ታሟል።

«የሞተ ባትሪን ማደሻው ቁልፍ ይመልሰዋል»

ባትሪ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል፤ ወዲያው ሲሞላ ይሟሟል። ሳምንታት ሳይሞላ ሲቆይ ግን ጥቃቅኖቹ ቅንጣቶች አድገው ይጠነክራሉ፣ ቻርጅም አይቀበሉም። ማደሻው ቮልቱን ወደ 15.8 አካባቢ ከፍ አድርጎ ከእነዚህ ከፊሉን ለመፍታት ይሞክራል። በቅርቡ የወረደና መለስተኛ ሰልፌት ያለበት የውሃ ባትሪ ከዚህ ሊጠቀም ይችላል። ወራት ባዶ የተቀመጠው ግን ቢሞላ እንኳ የቀድሞ አቅሙ አይመለስለትም፤ 60 የነበረው 25 ሆኖ ይወጣል።

ጸሐፊው ያልነገሩን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህ ሥራ ባትሪው ከመኪናው ተፈትቶ ይሠራ፤ 15.8 ቮልት ለኮምፒውተሮቹ የታሰበ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለኤጂኤምና ለጄል (አሲዱ የረጋበት ዝግ ባትሪ) አይሆንም፤ ከልክ ያለፈው ጋዝ አንዴ ካመለጠ አይመለስም፣ ውሃ መጨመሪያም የላቸውም። በውሃ ባትሪ ላይ ከሠራችሁ ሲጨርስ ውሃውን እዩ፤ ፕሌቱን በ10 ሚሊሜትር ያህል ካልሸፈነ የተጣራ ውሃ ጨምሩ። አሲድ አትጨምሩ፤ የወጣው ውሃ ነው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ማደሻ የማይነካው ጉዳትም አለ። አርፎ 10.5 ቮልት አካባቢ ላይ የሚቆምና ቢሞሉትም ተመልሶ እዚያው የሚወርድ ባትሪ አንድ ሴሉ በውስጥ ተገናኝቷል፤ 12.6 ሲቀነስ 2.1። በዚህ ባትሪ ላይ ቻርጀሩ 14.4 መድረስ ስለማይችል የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንዳለ ይገፋል፣ የቀሩት አምስት ሴሎች ይፈላሉ። በእጅ ሲነካ ሞቅ ሳይሆን የሚያቃጥል ከሆነ ንቀሉትና ቀይሩት።

«መቆንጠጫዎቹን በሁለቱ ጫፎች ላይ መያዝ ነው»

አጭር ነጥብ ነው፣ ነገር ግን ዓይን የሚያጠፋ ስሕተት ያለበት። የሚሞላ ባትሪ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል፣ አሲዱም ወደ ፊት ነው የሚረጨው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ቻርጀሩ ከግድግዳ ተነቅሎ እያለ ቀዩን ፖዘቲቭ ላይ፣ ከዚያ ጥቁሩን ከባትሪው ራቅ ብሎ ባዶ ብረት በሆነ የማሳ ቦታ (ከኔጌቲቩ ጋር የተገናኘው የመኪናው ብረት) ላይ፤ ከዚህ በኋላ ብቻ ግድግዳው ላይ ሰኩ። ሲነቀል መጀመሪያ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ጥቁሩ፣ በመጨረሻ ቀዩ።

ማሳ ላይ መያዙ ሌላም ጥቅም አለው። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ኔጌቲቩ ጫፍ ላይ የሚገባና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር ትንሽ ሴንሰር አለ። ጥቁሩን በቀጥታ በእርሳሱ ላይ ከያዛችሁት ቻርጁ ከሴንሰሩ ውጭ ይገባል፤ መኪናው ባትሪው እንደሞላ አያውቅምና ዲናሞውን በተሳሳተ ሒሳብ ያዝዛል። በማሳ በኩል ሲሆን ይቆጥረዋል።

ለወራት የሚሰካ ከሆነ ደግሞ መቆንጠጫውን ተዉትና ቀለበት ጫፍ ያለውን ቋሚ ገመድ እሰሩ፣ ቀዩን በፖዘቲቩ ሞርሴቶ (የባትሪው ጫፍ ማሰሪያ) ብሎን ሥር፣ ጥቁሩን በማሳው ላይ፤ በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያለበትን። ኮፈኑ ተዘግቶ ገመዱ በየትኛው ጠርዝ እንደሚጨፈለቅም ከመዝጋታችሁ በፊት እዩ። ሊቲየም ባትሪ የገባበት መኪና ከሆነ የሊቲየም አሠራር ያለውን ቻርጀር ብቻ ተጠቀሙ፤ የማደሻ ሞገድ ያለው አይንካው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሑፉ አላነሳውም፣ ቻርጀር የሚገዛ ሰው ግን ሊያውቀው ይገባል። ቋሚ ቻርጀር የመኪናውን በሽታ ይደብቃል። የሻንጣ አምፖል ሳይጠፋ ቀርቶ 400 ሚሊአምፔር ቢፈስ በቀን 9.6 አምፔር-ሰዓት ነው፤ 1 አምፔር ያለው ቻርጀር ይህን በጸጥታ ይሸፍነዋል፣ አረንጓዴው መብራትም ይበራል። መብራት ለአምስት ቀን ሲጠፋ ግን 48 አምፔር-ሰዓት ሄደ። ስለዚህ ቻርጀሩን ከመትከላችሁ በፊት ፍሳሹን ለኩ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ የበሩን መቆለፊያ በካቻቢቴ ገፍታችሁ የተዘጋ እንዲመስለው አድርጉ፣ ቁልፉን ከመኪናው አርቁ። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጉና ቀዩን ሽቦ ወደ 10 አምፔር ቀዳዳው አዛውሩ። የኔጌቲቩን ገመድ ፈትታችሁ አንዱን የቴስተር ጫፍ በገመዱ፣ ሌላውን በእርሳሱ ላይ አስይዙ። መጀመሪያ ጥቂት አምፔር ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ጠብቁ። በዚህ ሁኔታ ሳለ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላም ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩ የሚወድቅበትን ፈልጉ፤ የነቀላችሁትን ወደ ቦታው መልሳችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ቁጥሩ የወደቀበት ፊውዝ የሚመራው መስመር ላይ ነው የሚፈስሰው።